ርካሽ ሌንስ ፍለጋ፦ ከደሴ ሰርግ ቤቶች የተማርኩት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። ስንመለስ ፎቶ ቤቴ ውስጥ የቀረው የጀርባ መጋረጃውና አንድ የተሰበረ የመብራት መቆሚያ ነበር። ካሜራ የለም፣ ሌንስ የለም፣ ኮምፒውተርም የለም። በዚያ ሰሞን ከእኔ የባሰ የደረሰበት ሰው ብዙ ስለነበር ማማረሩም ነውር ይመስል ነበር። ሰው ግን በዚያ ሁሉ መሃል ይዳራል፣ ክርስትና ያስነሳል፣ ኒካህ ያስራል። ፎቶም ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትንሽ ብር ለሚጀምሩ ነው። የሌንስ ዋጋ ግን አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ የሚሆን አይደለም። አመራረጡን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ያገለገለ ኒኮን ዲ3200 ነበር። 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ለሰርግ አልበም ከበቂ በላይ። አብሮት የመጣው ሁሉም የሚያውቀው፣ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18-55 ኪት ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፍ ሲል ሩቁን ያቀርባል። ይህን ሌንስ የሚንቁት ብዙ ናቸው። እኔ አልንቀውም። ቀን፣ ደጅ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ከጀርባ አድርጋችሁ ሙሽሮቹን ብታነሱበት በርካሽ ሌንስ መነሳቱን ማንም አይለይባችሁም። ጣጣው የሚመጣው ፀሐይ ስትገባ ነው።

የእኛ አገር ደስታ ደግሞ የሚደምቀው ማታና ቤት ውስጥ ነው። አንድ ኒካህ ትዝ ይለኛል። ከመግሪብ በኋላ ነው። ሳሎኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ አምፖሉ አንድ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መሃል ገብቼ መረበሽ ስላልፈለግሁ በር ላይ ሆኜ ሌንሱን 55 ላይ አድርጌ አነሳሁ። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን አቅም) 6400 አድርሼ እንኳ ሹተሩ (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) ከ1/30 ሰከንድ አልፈጥን አለ። ሸሁ ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸው ብዥ ብሎ ወጣ። ፊታቸው ላይ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኪት ሌንሱን ወደ 55 ስታቀርቡት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው እንደሚሰፋ ልብ በሉ። እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንዲት ጠባብ መስኮት ባላት ጎጆና በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ አዳራሽ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

«ፍላሽ አታበራም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አብርቻለሁ። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታ ላብ ያሳያል፣ ከጀርባ ያለውን ሰው ሁሉ ያጨልማል። ወደ ላይ የሚዞር ፍላሽ ተውሼም ሞክሬያለሁ። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ግሩም ነው። ብዙ ቤት ያለው ግን የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው፤ ብርሃኑ እዚያ ነጥሮ ሲመለስ ሙሽራዋን ቢጫ ያደርጋታል። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ባሰ። ፍላሽ ይጠቅማል፣ ግን ለቤቱ ቀለም መፍትሔ የለውም።

ያኔ ያገኘሁት ሁሉ «18-200 ግዛ፣ ሁሉንም ይሠራልሃል» ይለኝ ነበር። ምክሩ ከክፋት አይደለም። አንድ ሌንስ ይዞ ከሙሽራ ቤት እስከ አዳራሽ መዋል ማን ይጠላል? ነገር ግን ያም ሌንስ ሲረዝም ኤፍ 5.6 ነው። ሩቁን ያቀርባል እንጂ ጨለማውን አያበራም። በላዩ ላይ የተጻፈው ቪአር የተባለው የንዝረት መከላከያም የሚረዳው ለእጃችሁ መንቀጥቀጥ ነው። ለቆመ ነገር ድንቅ ነው። እስክስታ የሚመታን ሰው ግን አያስቆምም።

ስለዚህ ልቤ ኤፍ 1.8 ላይ ወደቀ። እኅቴ ጂዳ ነች፤ ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት አይገኝም መቼም። ለእረፍት ስትመጣ አንድ ኒኮን 50 ኤፍ 1.8 ይዛልኝ መጣች። አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ካሜራው ላይ ገጠምሁት፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ሹተሩን በግማሽ ተጫንሁ። ዝም። ደግሜ ተጫንሁ። ምንም አይንቀሳቀስም።

«ተበላሽቶ ነው እንዴ ወንድምዬ?» አለች ደንግጣ። «ሰውዬው ለኒኮን ይሆናል ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሰውዬው አልዋሸም። ሌንሱ ለኒኮን ይሆናል። የመጣልኝ ግን ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ያለው ነው። እነዚህ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም። ፎከስ የሚያደርግላቸው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። ዲ90፣ ዲ7000 እና ከእነሱ በላይ ያሉት ሞተሩ አላቸው። ዲ3000 እና ዲ5000 ብለው የሚጀምሩት ርካሾቹ ካሜራዎች በሙሉ የላቸውም፤ የእኔም ከእነሱ አንዱ ነው።

ይህን ነገር ሰፋ አድርጌ የምናገረው በኒኮን ገበያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ነው። መለያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለዲ3200 እና ለመሰሎቹ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ያስፈልጋችኋል። «ኤኤፍ» ብቻ ካለ ፎከሱ በእጅ ነው። ሁለተኛ፣ ፊደሉ ከተፋቀ ሌንሱን ገልብጡና የብረት ቀለበቱን እዩ። የዊንጭ ጫፍ የሚያክል ጎድጓዳ ብሎን ካለበት ካሜራውን ሞተር የሚጠይቅ ዐይነት ነው። ካሜራችሁ ሞተር እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ሌንሱን አውጡና የካሜራውን ቀለበት ተመልከቱ። ከዚያ ብሎን ጋር የምትገጥም ትንሽ ጫፍ ብቅ ብላ ከታየች አለው።

እኅቴን «አብሽሪ» አልኋት። ሌንሱም አልተጣለም። ከጠርዙ ላይ የኤፍ ቁጥሮች የተጻፉበትን ቀለበት 22 ላይ ቆልፌ (ካልተቆለፈ ካሜራው «ኤፍኢኢ» ብሎ እምቢ ይላል) በእጄ ፎከስ ማድረግ ጀመርሁ። ዐይናችንን በምናሳርፍበት የካሜራው ማያ ውስጥ ታች በስተግራ ፎከሱ ሲይዝ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ እሷን አምኜ። ባቲ ሰኞ ገበያ ሄጄ ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶችን በፈቃዳቸው ሳነሳበት ግሩም ሆነ። ተቀምጦ ለሚነሳ ሰው ምንም አይወጣለትም። ለሰርግ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሙሽራው ቀለበት ሲያደርግ «ቆይ፣ ነጥቧ እስክትበራ» አይባልም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። ደሴ ውስጥ ጋሼ የምንላቸው በፊልም ዘመን ጀምረው ያረጁ ፎቶ አንሺ አሉ። ሌላ ሌንስ ልፈልግ መሆኑን ስነግራቸው ስለ ሌንስ አንድም ነገር አልነገሩኝም። «ልጄ፣ እስካሁን ያነሳኸውን አየኸው?» አሉኝ።

ገባኝ። ኮምፒውተር ላይ ሰርጎቹን ከፍቼ የየፎቶውን ዝርዝር መረጃ ማየት ጀመርሁ። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ እዚያው ተጽፏል። ደንበኛ መርጦ አልበም ውስጥ ያስገባቸውን ብቻ ለይቼ አየሁ። አብዛኞቹ ከ24 እስከ 40 መካከል ናቸው። በ55 የተነሱት ጥቂት ነበሩ፤ 200 የሚያስፈልገው ፎቶ ደግሞ ፈልጌ አጣሁ። ሰው ሁሉ ግዛ ሲለኝ የከረመው ዙም የማላነሳውን ፎቶ ለማንሳት ነበር ማለት ነው።

እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ነፃ ነው። ሌላም ነፃ ሙከራ አለ፦ የኪት ሌንሳችሁን ቀለበት 35 ላይ አድርጉና በፕላስተር ለጥፉት። ለጥቂት ቀን ዙም ሳትነኩ በእግራችሁ እየቀረባችሁና እየራቃችሁ አንሱ። ከዚያ 50 ላይ ለጥፋችሁ ድገሙት። የትኛው እንደሚያንቃችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

እኔን ያነቀኝ 50 ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የእኛ ርካሽ ካሜራዎች ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ከድሮው ፊልም ያነሰ ስለሆነ ሌንሱ የሚያሳየው ጠበብ ይላል። በኒኮን 1.5 እጥፍ፣ በካነን 1.6 እጥፍ አድርጋችሁ አስሉት። ስለዚህ 50 እንደ 75 ሆኖ ያሳያል። ለአንድ ሰው ፊት ያማረ ነው። ሙሽሪትን ከሚዜዎቿ ጋር ጠባብ ሳሎን ውስጥ ለማንሳት ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም አይበቃም። 35 እንደ 52 ገደማ ያሳያል። ሰውም ቤቱም አብሮ ይገባል። «50 ግዛ፣ የጀማሪ ሌንስ እሱ ነው» የሚለው ምክር ከፊልም ዘመን የወረደ ነው፤ ያኔ እውነት ነበር።

ስለዚህ የምፈልገው ታወቀ፦ ኒኮን ኤኤፍ-ኤስ ዲኤክስ 35 ኤፍ 1.8 ጂ። በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ሌንስ ነው፤ ስለዚህ ያገለገለው በየቦታው አለ። ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው። የፊት ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከኪት ሌንሱ ጋር እኩል ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ክዳንና ፊልተር ሁለቴ አለመግዛት ግን ብር ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ሲታይ እንከን የለውም ነበር። ሻጩ «ብሮ፣ አዲስ በለው» አለኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ከኋላ ወደ ውስጥ አበራሁበትና በፊት በኩል አየሁ። ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ነጭ ክሮች ተሰራጭተዋል። ሻጋታ ነው። ሻጋታ መስተዋቱን እየበላ ይሄዳል፤ ለማጽዳት ሌንሱ ይፈታል፣ ከተፈታም በቦታው የሚመልሰው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አመስግኜ ተመለስሁ። ዋጋ ሲቀንስልኝም አልተደራደርሁም።

ሁለተኛውን ኮምቦልቻ አገኘሁት። እንዴት እንደፈተሽሁት ልንገራችሁ፤ እናንተም ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ካሜራ የተገዛ ሌንስ ዕጣ ነው። መጀመሪያ የስልክ መብራቱ፦ ውስጡ ጥቂት አቧራ ቢታይ አትደንግጡ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም። ፊተኛው መስተዋት ላይ ያለች ትንሽ ጭረትም ብዙ አትጎዳም፤ የኋለኛው ላይ ያለችው ግን ትጎዳለች። ከዚያ የኒኮን ሌንስ ከኋላ ትንሽ የብረት ምላስ አለችው። በጣት ቀስ አድርጋችሁ ስትገፏት የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያሰፉና የሚያጠብቡት ቢላዎች ይከፈታሉ፣ ስትለቋት ቀጭ ብለው መመለስ አለባቸው። ቢንቀራፈፉ ወይም ዘይት ቢታይባቸው ተዉት። ካነን ይህ ምላስ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ በተከታታይ አንሱና ፎቶዎቹ በብርሃን እኩል መሆናቸውን እዩ።

ቀጥሎ ፎከስ። ቅርብ ያለ ነገር፣ ወዲያው ሩቅ፣ ወዲያው ቅርብ። ሳይንገዳገድ መያዝ አለበት። መጨረሻ ላይ ጋዜጣ ወይም ጽሑፍ ያለበት ነገር ግድግዳ ላይ ለጥፉና ቀጥ ብላችሁ በኤፍ 1.8 አንሱት። ፎቶውን አጉልታችሁ አራቱን ማዕዘን አነጻጽሩ። ጠርዙ ከመሃሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ያለ ነው። አንዱ ጎን ጥርት፣ ሌላው ጎን ብዥ ካለ ግን ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። ሻጩ በዚህ ሁሉ ቢሰለች ይሰልች፤ የኔው ሻጭ ሻይ አስመጥቶልኝ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ሌንሱ እጄ ከገባ በኋላ ሌላ ትምህርት መጣ። ኤፍ 1.8 ብርሃን ሲሰጥ ጥርት የሚለውን ስፍራ ይቀንሳል። ሙሽራዋ ጥርት ብላ ከጎኗ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ያለው ሙሽራ ይደበዝዛል። አማት የሚያዩት ደግሞ መጀመሪያ ልጃቸውን ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ኤፍ 2፣ ለሁለት ሰው ኤፍ 2.8፣ ለቤተሰብ ፎቶ ኤፍ 4 ወይም 5.6 እያደረግሁ ነው የምሠራው። ሹተሩ ለቆመ ሰው ከ1/125 እንዳይወርድ፣ ለጭፈራ 1/250። የቀረውን አይኤስኦ ይሸከመው። ትንሽ አሸዋ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ከንጹሕ ብዥታ ይሻላል።

ለገና ላሊበላ ስሄድ ይህችው 35 ብቻ ናት የምትወጣው። ቤተ ማርያም ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች ፊት ፍላሽ ማብራት አይታሰብም፤ በሌሊቱ ያለው ብርሃን ደግሞ በብዛት ጧፍ ነው። እዚያ ያወቅሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌንስ እንዳይጫር ብለን የምንገጥመው ርካሽ ፊልተር በጧፍ ፊት ጉድ ይሠራል። እያንዳንዷ ነበልባል በፊልተሩ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ተንጸባርቃ ፎቶው ሌላ ቦታ ላይ ሁለተኛ ነጥብ ሆና ትታያለች። ማታ ስትሠሩ አውጡት። ለመከላከያ ከፊልተር ይልቅ የፊት ጥላውን ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ሌንሱ ቢመታም ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

የደሴ ጭጋግም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በጠዋት ከብርዱ ተነስታችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሞቅ ወዳለ አዳራሽ ስትገቡ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል። አትጥረጉት። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቁ። በክረምት ደግሞ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ቆልፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምሩና አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ግን አውጡና ሥሩበት፤ ሻጋታ ጨለማና እርጥበት ይወዳል።

ካነን ያላችሁ ከሞተሩ ጣጣ ነፃ ናችሁ፤ ኢኤፍ ሌንሶች ሁሉ ሞተራቸው የራሳቸው ነው። ለጠባብ ቤት ኢኤፍ-ኤስ 24 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም፣ ለፊት ደግሞ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ፈልጉ። ከ50ው አሮጌውም ይሠራል፤ ግን መግጠሚያው ፕላስቲክ ነው፣ ፎከሱም ይጮኻል።

ሌላ ነፃ የሚባል ሀብት አለ። ከሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡ ሰዎች ቤት ዘኒት ካሜራ አይጠፋም፤ ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሄሊዮስ 58 ኤፍ 2 አለ። ካነን ካሜራ በተራ አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይቀበለዋል። ፎከሱ በእጅ ነው፣ ከጀርባ ያለውን ቅጠል የሚያጠማዝዝበት መንገድ ግን ያምራል። ኒኮን ላይ ስትገጥሙት ሩቁን ጥርት አያደርግም፤ ምክንያቱም የኒኮን መግጠሚያ ከሴንሰሩ ያለው ርቀት ይበልጣል። መስተዋት ያለበት አዳፕተር ይህን ያስተካክላል፣ ጥራቱን ግን ይቀንሳል። አያታችሁ ቤት ካለ ለካነን ባለቤት ጓደኛችሁ አበድሩት።

አሁን ሌላ ሌንስ ጨምሬያለሁ። የደመራና የጥምቀት ሥራ ስለበዛ ከሩቅ የሚያቀርብ አስፈለገኝ። ይህን ጊዜ የአልበሙ ዝርዝርም ይህንኑ ይል ነበር። መጀመሪያ የቀረበልኝ 70-300 በጣም ርካሽ ነበር። ለእኅቴ የላክሁላት መልእክት «ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ፎቶ አንሽልኝ» የሚል ነው። ላከችልኝ፤ «ኤኤፍ-ፒ» ይላል። ይህ አዲስ ዐይነት ሞተር ነው። ዲ3300 ሶፍትዌሩ ከታደሰ ይሠራበታል፤ የእኔ ዲ3200 ግን አያውቀውም፣ ፎከስ አያደርግለትም። ተወችው። በምትኩ ያገለገለ ኤኤፍ-ኤስ 55-200 ቪአር አገኘሁ። እሱም ፊቱ 52 ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ 35 ትወጣለች።